ወደ ኋላ የሚቀረውና እኩል የሚሄደው፤ ስለ ኢንዳክሽንና ስለ ሲንክሮነስ ሞተሮች አሠራር

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




በአንዲት የገጠር ከተማ በገበያ ቀን ማለዳ የወፍጮ ቤት ደጃፍ ምን እንደሚመስል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። እናቶች ጤፋቸውን፣ ገብሳቸውንና በቆሏቸውን በአቁማዳና በጆንያ አድርገው፣ ገሚሶቹ ተሸክመው ገሚሶቹም በአህያ ጭነው መጥተው ተራ ይጠብቃሉ። ወፍጮው ሲሠራ ይቆይና ድንገት ያጉረመርማል፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ከዚያም ሁሉ ነገር ጸጥ ይላል። «ዲናሞው ተቃጠለ» የሚለው ወሬ እስከ ገበያው መሐል ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። እህሉ ሳይፈጭ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሞተሩም ተፈትቶ፣ ሽቦው እንደገና እንዲጠመጠም ወደ ከተማ ይላካል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ተመልሶ ይተከላል። ብዙም ሳይቆይ ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው ሁኔታ፣ ያው ሞተር እንደገና ይቃጠላል።

ለዚህ ጥፋት የተለመደው ማመካኛ የሽቦው ጥራት ማነስ ወይም የጠምጣሚው የሙያ ጉድለት ነው። ይህ አልፎ አልፎ እውነትነት ይኖረዋል። ዳሩ ግን አንድ ሞተር በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሲቃጠል፣ ምክንያቱን ከሽቦው ይልቅ ከሚሠራበት ሁኔታ መፈለግ ይገባል። ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ችግሩን ሲናገር ቆይቷል፤ የሚናገረውም በፍጥነቱ ነው። ይህን ንግግር ለመስማት ደግሞ ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ ከሥረ መሠረቱ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዚህ ንግግር ዓላማ የሁለቱን ታላላቅ የተለዋዋጭ ኮረንቲ ሞተሮች፣ ማለትም የኢንዳክሽንንና የሲንክሮነስን ሞተር፣ አሠራር በአጭሩ ማስታወስ ነው። የሁለቱም ቋሚ አካል አንድ ዓይነት ነው። ልዩነታቸው ሁሉ የሚመነጨው ተሽከርካሪው አካል ከሚዞረው መግነጢሳዊ መስክ ጋር ካለው ዝምድና ነው፤ አንደኛው የሚሠራው ወደ ኋላ በመቅረቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚሠራው ባለመቅረቱ ነው።

የሚዞረው መስክ

በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ስታተር የሚባለው ቋሚ አካል ከስስ የብረት ገጾች ተደራርቦ የተሠራ፣ ከውስጥ በኩል ጎድጎዶች ያሉት ክብ ነው። በጎድጎዶቹ ውስጥ ሦስት የሽቦ ጥቅሎች፣ አንዱ ከሌላው የክቡን ሲሶ ያህል ተራርቀው ይቀመጣሉ። ለሦስቱም የሚመጣላቸው ኮረንቲ እኩል ቢሆንም በአንድ ጊዜ አይደርስም። በአገራችን ኮረንቲው በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ አንዱ ምልልስ 0.02 ሰከንድ ይፈጃል፤ የሁለተኛው ፌዝ ኮረንቲ ከመጀመሪያው፣ የሦስተኛውም ከሁለተኛው የዚህን ጊዜ ሲሶ ያህል ይዘገያል።

ሦስት ሰዎች በአንድ ምሰሶ ዙሪያ ቆመው፣ በምሰሶው ጫፍ ላይ የታሰሩትን ሦስት ገመዶች በየተራ፣ አንዱ ሲያላላ ሌላው እያጠበቀ ቢስቡ፣ ሰዎቹ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ የምሰሶው ጫፍ ዙሪያውን ይዞራል። በስታተሩ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ሽቦው አይነቃነቅም፤ ብረቱ አይነቃነቅም፤ መግነጢሳዊው መስክ ግን ኃይሉን ሳይቀንስ ይዞራል። ጥቅሎቹ ሁለት ዋልታ እንዲፈጥሩ ከተደረጉ መስኩ በደቂቃ 3,000 ዙር፣ አራት ዋልታ ከሆነ 1,500፣ ስድስት ከሆነ 1,000፣ ስምንት ከሆነ ደግሞ 750 ዙር ይዞራል። ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውም ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ተራው ስለሚገለበጥ መስኩ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። ወፍጮው ወደ ኋላ ሲዞርበት ሁለት ሽቦ አለዋውጦ የሚያስተካክል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁሉ በእጁ የሚያውቀው ሕግ ይህ ነው።

ወደ ኋላ የሚቀረው

የኢንዳክሽን ሞተር ሮተር፣ ማለትም ተሽከርካሪው አካል፣ ከውጭ ምንም ሽቦ አይደርሰውም። በአብዛኛው የሚሠራው በብረቱ ውስጥ ከተደረደሩ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ዘንጎች ሲሆን፣ ዘንጎቹ በሁለቱም ጫፍ በቀለበት ተያይዘዋል። ዘንጎቹና ቀለበቶቹ ብቻቸውን ቢታዩ የወፍ ቀፎ የሚመስል ቅርጽ አላቸው።

ታዲያ ኃይል ያልደረሰው ሮተር እንዴት ይሽከረከራል? የሚዞረው መስክ በዘንጎቹ ላይ እየተመላለሰ ሲያልፍ በውስጣቸው ቮልቴጅ ያሳድራል፤ ቮልቴጁም በተዘጋው መንገድ ኮረንቲ ያስሄዳል፤ ኮረንቲው ደግሞ በመስኩ ውስጥ ስለሚገኝ ይገፋል። ፈረንሳዊው አራጎ እ.ኤ.አ. በ1824 የመዳብ ዝርግ ሳህን ከኮምፓስ መርፌ ሥር ሲያሽከረክር፣ መዳብ መግነጢስነት የሌለው ሆኖ ሳለ መርፌዋ ሳህኑን ተከትላ ስትዞር ተመልክቶ ነበር። ምክንያቱ የተገለጠው ግን ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 የኢንዳክሽንን ሕግ ካገኘ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ነፋስ ቅጠልን የሚገፋው ቅጠሉ ከነፋሱ ሲዘገይ ነው፤ ከነፋሱ እኩል የሚሄድ ቅጠል አይገፋም። እንዲሁም ሮተሩ የመስኩን ፍጥነት ቢደርስበት በዘንጎቹ ላይ የሚያልፍ መስክ ስለማይኖር ኮረንቲም ጉልበትም አይኖርም። ስለዚህ የኢንዳክሽን ሞተር መስኩን ሁልጊዜ ይከተላል፤ ነገር ግን ከቶ አይደርስበትም። መስኩ 1,500 ዙር ሲዞር ሮተሩ ለምሳሌ 1,440 ይዞራል። በመካከል ያለው የ60 ዙር ልዩነት ስሊፕ፣ በአማርኛም መዘግየት ሊባል የሚችለው ሲሆን፣ በዚህ ምሳሌ ከመቶ 4 እጅ ይሆናል።

መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ከስታተር ወደ ሮተር ከሚሻገረው ኃይል ውስጥ የመዘግየቱን ያህል እጅ በሮተሩ ዘንጎች ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 10 ኪሎዋት ቢሻገርና መዘግየቱ ከመቶ 4 ቢሆን፣ 400 ዋት በሙቀት ይጠፋል፤ 9,600 ዋት ለሥራ ይቀራል። ይህን ሒሳብ በትክክል አለመረዳት ታላላቅ ሰዎችንም አሳስቷል። በቶሪኖ ከተማ የሚዞረውን መስክ እ.ኤ.አ. በ1885 በሥራ ያሳየው ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ፌራሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ግኝቱን ባሳተመበት ጊዜ ሞተሩ ከፍተኛውን ኃይል የሚሰጠው በመስኩ ግማሽ ፍጥነት ሲዞር ነው፤ እንግዲያውስ የኃይሉ ግማሽ ይባክናል፤ ለኢንዱስትሪም አይጠቅምም ወደሚል መደምደሚያ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኒኮላ ቴስላ የሞተር ፈጠራ መብቶቹን ከተቀበለ በኋላ ስለ አዲሱ ሞተር ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ንግግር አደረገ። የፌራሪስን ስሕተት ያረመው ግን በበርሊን በኤ.ኤ.ጌ. ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ነው። የሮተሩ ዘንጎች ወፍራምና ለኮረንቲ የማያስቸግሩ ከሆኑ፣ ሞተሩ በጥቂት መዘግየት ብዙ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ተረድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ባለ ሦስት ፌዙን ባለ ቀፎ ሞተር ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላም ከላውፈን 175 ኪሎሜትር ርቆ ወደ ፍራንክፈርት በተላለፈ ኃይል፣ የ100 ፈረስ ጉልበት ሞተር ውኃ እየሳበ በኤግዚቢሽኑ ላይ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አሳየ። ፌራሪስና ዶብሮቮልስኪ የተለያዩት በመዘግየት አተረጓጎም ላይ ነበር።

የወፍጮ ቤቱ ሞተር ምን ይናገራል?

አሁን ወደ ወፍጮ ቤቱ እንመለስ። በሞተሩ ሰሌዳ ላይ 1,440 ዙር ተጽፏል እንበል። እህል እየተፈጨ ሳለ ፍጥነቱ ሲለካ 1,400 ቢሆን፣ ላይ ላዩን ለተመለከተ ሰው ልዩነቱ 40 ዙር፣ ከመቶ 3 እጅ የማይሞላ ነውና የሚያሳስብ አይመስልም። መዘግየቱ ግን ከ60 ወደ 100 ዙር አድጓል። በተለመደው የሥራ ክልል ውስጥ መዘግየትና የማሽከርከር ጉልበት በግምት አብረው ስለሚያድጉ፣ ቮልቴጁ ትክክል ከሆነ ሞተሩ ከተፈቀደለት አንድ ተኩል ጊዜ የሚበልጥ ጭነት ተሸክሟል ማለት ነው። የወፍጮው ድንጋይ ከመጠን በላይ ተጣብቆ፣ ቺንጊያው ከሚገባው በላይ ተወጥሮ ወይም ኩሽኔታው ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። የኢንዳክሽን ሞተር ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይወጣል፣ ይወርዳል። ወፍጮ ቤቱ በረጅምና በቀጭን መስመር መጨረሻ ላይ የሚገኝ ቢሆንና የ380 ቮልቱ መስመር ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ወደ 304 ቮልት ቢወርድ፣ ቮልቴጁ ከመቶ 80 ሲሆን ጉልበቱ ከመቶ 64 ብቻ ይሆናል። እህሉ ግን ይህን አያውቅም፤ የሚጠይቀው ጉልበት ያው ነው። ስለዚህ ሞተሩ የጎደለውን ለመሙላት የበለጠ ይዘገያል፤ 60 ዙር የነበረው መዘግየት ወደ 94 ገደማ ያድጋል፤ ፍጥነቱም ከ1,410 በታች ይወርዳል። ኮረንቲው ይጨምራል፤ ሙቀቱም በኮረንቲው ካሬ ልክ ይጨምራል። የሽቦ ሽፋን ከሚችለው በላይ በየ10 ዲግሪው ሙቀት ሲጨምርበት ዕድሜው በግማሽ እንደሚያጥር ባለሙያዎች ከልምድ የያዙት ደንብ ነው።

እንግዲህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። ፍጥነት መለኪያው ችግር መኖሩን ይናገራል፤ ችግሩ የቱ እንደሆነ የሚለየው ቮልት መለኪያው ነው። መለካት ያለበትም ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ሳይሆን እህል ሲፈጭ ነው። ባዶውን በሚዞር ሞተር ላይ ቮልቴጅ ለክቶ «መስመሩ ደኅና ነው» ማለት፣ ተኝቶ የሚያርፍን ሰው ትንፋሽ አዳምጦ ዳገት ይወጣል ብሎ እንደ መመስከር ነው።

ሦስተኛው አደጋ የአንድ ፌዝ መቋረጥ ነው። የቆመ ሞተር በሁለት ሽቦ ብቻ ሲቀር ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም። በመዞር ላይ ያለ ሞተር ግን ጭነቱ ካልከበደው መዞሩን ይቀጥላል፤ ያንኑ ኃይል ለመስጠት በቀሩት ሁለት ሽቦዎች የሚሄደው ኮረንቲ ወደ 1.73 እጥፍ ስለሚጠጋ ማንም ሳያውቅበት ይጋያል። በተለይ በትርፍ ጭነት መከላከያ ሪሌ ፈንታ ምንም ያልተተከለ፣ በተቃጠለ ፊውዝ ምትክም ወፍራም የመዳብ ክር የታሰረ እንደሆነ ከዚህ የሚያድነው የለም። እንዲሁም ሞተር ሲነሣ መዘግየቱ ከመቶ 100 ስለሆነ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ኮረንቲ ይስባል፤ ይህ ለጥቂት ሰከንድ ይቻላል፤ ድንጋዩ ተይዞ ሞተሩ ቆሞ ከቀረ ግን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከ25 እስከ 49 እጥፍ ይሆናል።

በመጨረሻም የአገራችን ከፍታ አለ። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የሞተር ሰሌዳ የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአየር ሙቀት ድረስ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝ ችሎታው ይቀንሳል፤ በየ100 ሜትሩም ከሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ አንድ በመቶ ያህል መቀነስ ይገባል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ለተተከለ፣ የ80 ዲግሪ ጭማሪ ለተፈቀደለት ሞተር ቅናሹ 11 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ የአካባቢው አየር ከ29 ዲግሪ እስካልበለጠ ድረስ ተፈጥሮ የወሰደችውን ትመልሳለች። ነገር ግን ሞተሩ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ክንፎቹ በዱቄት ተሸፍነው ከተቀመጠ፣ የደጋው ብርድ ከበር ውጭ ቀርቷል።

እኩል የሚሄደው

የሲንክሮነስ ሞተር ሮተር ከመስኩ ኮረንቲ አይለምንም፤ የራሱ መግነጢስ አለው። መግነጢሱ በቀጥተኛ ኮረንቲ የሚሠራ ጥቅል ወይም ቋሚ መግነጢስ ሊሆን ይችላል። የሮተሩ ሰሜን ዋልታ የሚዞረውን የስታተር መስክ ደቡብ ዋልታ ይይዝና በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች አብረው ይሄዳሉ። መስኩ 1,500 ቢዞር ሮተሩም 1,500 ነው፤ አንድ ዙር አይጎድልም። በባዶም፣ በሙሉ ጭነትም ያው ነው።

ታዲያ ጭነቱ በምን ይታወቃል? በማዕዘን ነው። ጭነት ሲጨምር ሮተሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከመስኩ በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ በመካከላቸው ያለው የመሳብ ኃይልም እንደ ተወጠረ ገመድ ይጠነክራል። ሮተሩ ድፍን ክብ በሆነ ሞተር ይህ ማዕዘን 90 ዲግሪ ሲደርስ ጉልበቱ የመጨረሻውን ልክ ይነካል። ከዚያ ካለፈ ቀንበሩ ይሰበራል፤ ሮተሩ ከመስኩ ተለይቶ እየተንገጫገጨ ይቆማል። ስለዚህ ኢንዳክሽን ሞተር ሲጨነቅ በመዘግየት ያስጠነቅቃል፤ ሲንክሮነስ ሞተር ግን ድካሙን በፍጥነቱ አያሳይም፤ እስከሚችልበት ልክ ድረስ ጸንቶ ይቆምና በአንድ ጊዜ ይለቃል።

ሌላም ጠባይ አለው፤ በራሱ መነሣት አይችልም። ቆሞ ላለ ከባድ ሮተር በድንገት በ1,500 ዙር የሚዞር መስክ ቢመጣበት፣ ዋልታዎቹ አንድ ጊዜ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስለሚስቡት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። መፍትሔው ሮተሩ ፊት ላይ እንደ ኢንዳክሽን ሞተር ቀፎ ያሉ ዘንጎችን መቅበር ነው። ሞተሩ በእነዚህ ዘንጎች አማካይነት እንደ ኢንዳክሽን ሞተር ይነሣል፤ የመስኩን ፍጥነት ሊደርስበት ጥቂት ሲቀረው ቀጥተኛው ኮረንቲ ይለቀቅለታል፤ ያን ጊዜ ከመስኩ ጋር ይቆላለፋል። በመነሣት ላይ ሳለ የሮተሩ ጥቅል ክፍት ሆኖ መተው የለበትም፤ የሚፈጠርበት ከፍተኛ ቮልቴጅ ሽፋኑን ሊበሳው ስለሚችል በመከላከያ ሬዚስታንስ ይዘጋል። እኩል የሚሄደው ሞተርም ወደ ኋላ በመቅረት ይጀምራል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይወሰዳል? ቢባል መልሱ በፓወር ፋክተር ላይ ነው። ኢንዳክሽን ሞተር መስኩን የሚያቆምበትን ኮረንቲ ሁልጊዜ ከመስመሩ ይስባል፤ ይህ ኮረንቲ ሥራ ሳይሠራ መስመሩን ያጨናንቃል። 70 ኪሎዋት የሚፈጅ ፋብሪካ ፓወር ፋክተሩ 0.70 ቢሆን ትራንስፎርመሩ 100 ኪሎቮልት አምፔር መሸከም ይኖርበታል፤ ወደ 0.95 ቢሻሻል ግን 74 ገደማ ይበቃዋል፤ በመስመሩ ላይ የሚባክነውም ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሲንክሮነስ ሞተር የሮተሩ ኮረንቲ ከፍ ሲደረግለት፣ እየሠራ ሳለ ጎረቤቶቹ የሚፈልጉትን የመስክ ኮረንቲ ያካፍላቸዋል። ትልቅ መጭመቂያ ወይም የሲሚንቶ ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ሳይቆም በሚያሠራ ፋብሪካ ውስጥ ይህ ጥቅም የሞተሩን ውድነት ሊክስ ይችላል።

ይህ ሞተር ለአባላቱ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረው ከቆቃ ጀምሮ እስከ ታላቁ የዓባይ ግድብ ድረስ በውኃ የሚዞሩት ጄኔሬተሮች የዚሁ ማሽን ሌላ ፊት ናቸው። ሮተሩ ከመስኩ ኋላ ሲያዘነብል ሞተር፣ ወደ ፊት ሲቀድም ጄኔሬተር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1984 በተከፈተው በዌልስ በሚገኘው የዲኖርዊግ ጣቢያ ያው ማሽን ኃይል በሚተርፍበት ሰዓት ውኃውን ወደ ተራራ ይስባል፤ ኃይል በሚፈለግበት ሰዓት ያንኑ ውኃ እየለቀቀ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

የዛሬው ሁኔታ

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የኒዮዲሚየም መግነጢስ መገኘትና የሞገድ ድግግሞሽን እንደ ፍላጎት የሚለዋውጡ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች መስፋፋት የሁለቱን ሞተሮች ድርሻ ለውጦታል። ድግግሞሹ ከዜሮ አጠገብ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ሲያድግ፣ ሲንክሮነሱ ሞተር ያለ ረዳት ዘንግ ይነሣል፤ ኢንዳክሽኑም ያለ ከባድ የመነሻ ኮረንቲ ይነሣል። ዛሬ በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ውስጥ የሚሠራው ቋሚ መግነጢስ ያለው ሲንክሮነስ ሞተር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ይህ ሞተር በመንገዶቻችን ላይ እየበዛ መጥቷል። ቋሚ መግነጢስ ሙቀት ሲበዛበት ኃይሉን ለዘለቄታው ሊያጣ ስለሚችል፣ እንደ ወፍጮ ቤቱ ሞተር ሽቦውን ብቻ ጠምጥሞ መመለስ አይበቃም። በቀላሉ በሚጠመጠመው ሞተር ላይ «ለምን ተቃጠለ?» ብሎ መጠየቅ ያልለመደ ባለሙያ፣ በማይጠመጠመው ላይ የባሰ ይቸገራል።

ስለዚህ አንድ የተቃጠለ ሞተር ለጥምጠማ ከመላኩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ሰፍረው ቢላኩ መልካም ነው። በሥራ ላይ ሳለ ፍጥነቱ ስንት ነበር? በዚያው ሰዓት በሦስቱም ፌዝ የነበረው ቮልቴጅና ኮረንቲ ስንት ነበር? መከላከያው ምን ነበር፤ በስንት አምፔርስ ተስተካክሎ ነበር? ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ መልስ ካልተገኘ፣ ተመልሶ በተተከለበት ቀን፣ እህል እየተፈጨ ሳለ ሊለካ ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በአንድ የእጅ ቦርሳ ይያዛሉ፤ ሥራውም ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።

ይህ ግማሽ ሰዓት ለባለ ወፍጮው የአንድ ጥምጠማ ዋጋ ያተርፍለታል። ለሊት ተነሥተው ብዙ መንገድ ለተጓዙት እናቶች ደግሞ እህላቸውን ዱቄት አድርገው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ያደርጋል። የሙያው ክብርም የሚለካው በዚህ ነው።